ጎርፍ ያየ ይመታል

አገሩ በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ ቢኖርም አይናገርም። ሁለት ነገር ግን ይታወቃል። አንደኛው ከተማው ወንዝ ዳር መቆርቆሩ ነው። ሁለተኛው በዚያ ዘመን በከተማው ወደ ወንዙ የሚያይ መስኮት ያለው ቤት አለመኖሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ከፍ ብሎ ባለ ጉብታ ላይ የቀደሙት አባቶች ያቆሙት ትልቅ የወይራ ሰሌዳ ነበር። አርባ ደንቦች ተቀርጸውበታል። ከሰሌዳው ጎን ደግሞ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ነጋሪት ተሰቅሏል። ነጋሪቱ ሲመታ የሰማ ሰው በሕይወት አልነበረም። መምቻውም ከጠፋ ዘመን አልፎታል። ነጋሪቱን ቅቤ የሚቀባ ሹም ግን ነበረ። አባ ጓንጉል ይባላሉ፤ በጉብዝናቸው በቅሎ ጭነው አገር ያዳረሱ ሽማግሌ ናቸው። በየወሩ መባቻ ቅቤያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ቆዳውን ያሻሉ፣ ይወርዳሉ።

«አባ፣ ለምን ይቀባል?» ቢሏቸው፣

«እንዳይደርቅ» ይላሉ።

«ካልደረቀስ?»

«ካልደረቀማ ይቀባል።»

ከብዙ ትውልድ በፊት የዚያ አገር ንጉሥ «ሕዝቤ ላልቷል፣ ደንቤም ላልቷል» ብሎ ተቆጣ። ንጉሡ ያለው ስለ ሰው ጠባይ ነበር። ሹማምንቱ ግን ትእዛዝ ሲመጣ ትርጉም መጠየቅ አልለመዱምና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ደንብ ሁሉ ጠብቆ ይነበብ» ብለው አዋጅ አስነገሩ። አጥባቂ የሚባልም ሹመት አወጡ።

የዚያ አገር ፊደል እንደ እኛው ነው፤ መጥበቅና መላላቱን አይናገርም። የሚያውቀው አንባቢው ነው። «ይበላል» የሚለው ላልቶ ሲነበብ በይ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ተበይ ነው። እንግዲህ ሰሌዳው ላይ «እንግዳ ቀድሞ ይበላል» የሚል ደንብ ነበረ። ከአዋጁ ወዲህ እንግዳ ወደዚያ አገር መምጣት ተወ። ማን ይፈርድበታል?

«ጎርፍ ሲመጣ ያየ ይመታል» የሚልም ደንብ ነበረ። እሱም ጠብቆ ተነበበ። ጎርፍ ያየ ሰው ተመቺ ሆነ። ሕዝቡ ምን ያድርግ? በወንዙ በኩል ያለውን መስኮት በጭቃ ደፈነ። ክረምት ሲገባ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ወንዙን ጀርባ ሰጥተው ወደ ኋላ እየሄዱ ይቀዱ ጀመር። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝም ሰላምታው እንዲህ ሆነ፦

«እንዴት አደርሽ? ምንም አላየሽም?»

«ምንም አላየሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

ጎርፉ ግን አዋጅ አይሰማም። በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ይመጣል፤ ሲመጣ ሰው ይወስዳል። ውኃው ሲጎድል የተረፈው ሰው ተሰልፎ ይመረመራል። አይቶ የሸሸ ይመታል። ሳያይ የሞተ በክብር ይቀበራል።

ከአርባው ደንብ ሁለቱ ብቻ በልዩ ፈቃድ ላልተው ይነበቡ ነበር። አንደኛው «ንጉሥ በሕግ ይገዛል» የሚለው ነው። እሱን አጥብቆ፣ ንጉሡን ራሱን ተገዢ አድርጎ ለማንበብ የደፈረ አልተገኘም። ሁለተኛው የመጨረሻው፣ አርባኛው ነው። «ልጅ ይሰማል» ይላል። እሱም ላልቶ ቀረ። ሹም ይናገራል፣ ልጅ ይሰማል፤ አለቀ።

በዚያ ከተማ ደብሪቱ የምትባል ደንብ አስጠኚ ነበረች። ሥራዋ ሰባት ዓመት የሞላቸውን ልጆች ሰብስባ አርባውን ደንብ ማስጠናት ነው። ነሐሴ ሲጋመስ የማጥበቂያ ቀን ይደርሳል። ያን ቀን ልጆቹ በሕዝብ ፊት፣ በአጥባቂው በባሻ ቢተው ጆሮ ሥር ያነባሉ። ባሻ ቢተው በልጁ የታችኛው ከንፈር ላይ አንዲት ሽምብራ ያስቀምጣሉ። ልጁ «ይመታል» ሲል ከንፈሩን አጥብቆ ከገጠመ ሽምብራዋ ትያዛለች፤ ካላላ ትወድቃለች። ከንፈር በማይገጥምበት ፊደል ላይ ሽምብራ ምን እንደምትሠራ የጠየቀ የለም። ሽምብራው የወደቀበት ልጅ ደንብ አላልቷል ተብሎ አፉ በሻሽ ይታሰራል፤ ዓመት እስኪዞር የሚፈታለት ለምግብ ብቻ ነው። ያስጠናውም ሰው ከሥራው ይነሣል።

ባሻ ቢተው ክፉ ሰው አልነበሩም። ደንብ የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ደንብ እንደ ጭነት ነው፤ ካልጠበቀ ይወድቃል!» ይሉ ነበር፣ ሲቀመጡም ሲነሡም።

ደብሪቱም ለብዙ ዓመት እሳቸው እንዳሉት አጥብቃ አስጠናች። ሽምብራ የጣለባት ልጅ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ባሏ ይርዳው ወንዝ ዳር ለቤት የሚሆን ጭቃ ሲያቦካ ጎርፍ ደርሶ ወሰደው። ጎርፉን ከሩቅ ያየ ልጅ ነበረ። አንዳርጌ ይባላል፤ ደብሪቱ ራሷ ያስጠናችው ልጅ ነው። ያየ ይመታል ሲባል ሰምቷልና ዓይኑን ጨፍኖ ቁጭ አለ። በሠልስቱ ወደ ቤቷ መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ እኔ አላየሁም» አላት። ቆየት ብሎ፣ «ድምፁን ግን ሰምቼዋለሁ» አለ።

ልጁም ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሎቷ አንድ ሆነ፦ «አቤቱ፣ ለእነዚህ ሕፃናት የምሰጣቸው እንጀራ ነው ወይስ ድንጋይ? አንተ አሳየኝ።»

በዚህኛው ዓመት የመጡላት ልጆች አሥራ አንድ ነበሩ። ከእነሱ አንዷ ትርንጎ ትባላለች፤ የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ በአንድ ሳምንት ወልቀው ጣሪያ ላይ ተወርውረዋል። ሌላው ጉልማው ይባላል፤ እግሩ መሬት የማይረግጥ ዘላይ ነው።

«ከጉድጓድ አፍ ሦስት እርምጃ ራቅ!» አለች ደብሪቱ፣ ደጅ ያለውን ጥልቅ ጉድጓድ እያሳየች።

«ራቅ!» አሉ ልጆቹ።

«ለምን?» አለች ትርንጎ።

«ደንብ ነው።»

«ባሻ ስለሚቆጡ ነው» አለ አንዱ ልጅ ደብሪቱን ሊያግዝ።

«እሳቸው በሌሉ ጊዜስ?»

«እሳቸው በሌሉ ጊዜማ እንዘለዋለና!» አለ ጉልማው። «እኔ ትናንት ሁለቴ ዘልዬዋለሁ። አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ።»

ልጆቹ ሳቁ። ደብሪቱ ግን ሌሊቱን ሁሉ ያን ጉድጓድ ስታስበው አደረች። ልጆቹ የሚፈሩት የባሻን ዓይን እንጂ የጉድጓዱን ጥልቀት አይደለም። ባሻ ደግሞ ሰው ናቸው፤ ይተኛሉ፣ ይበላሉ፣ ዘወር ይላሉ። ጉድጓዱ ግን ዘወር አይልም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ትልቅ ዱባ ታቅፋ መጣች። በከሰል ዓይንና አፍ ሣለችበት።

«ይኸ ማን ነው?»

«ዱባ!»

«አይደለም። ይኸ ጉልማው ነው።»

ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ። ጉልማውም «እኔ እንዲህ አልወፍርም» አለ። ደብሪቱ ልጆቹን አርቃ አቆመችና ዱባውን በረጅም እንጨት እየገፋች ወደ ጉድጓዱ አፍ አስጠጋችው። ሦስት እርምጃ ሲቀረው መሬቱ ደህና ነበር። ሁለት ሲቀረው ጭቃው ትንሽ አቃሰተ። አንድ ሲቀረው የጉድጓዱ ከንፈር ተናደ፤ ዱባው ጠፋ።

«አንድ» አለች ደብሪቱ። «ሁለት። ሦስት። አራት።»

ከታች ድምፅ መጣ። ከልጆቹ የሳቀ አልነበረም።

«አሁን ይወጣል?» አለ ጉልማው።

«አይወጣም።»

«በገመድስ?»

«አይወጣም፣ የኔ ልጅ።»

ጉልማው ማንም ሳያዘው ወደ ኋላ ተራመደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«ደንቡ ሦስት ነው የሚለው!» አሉት ልጆቹ።

«እኔ ለራሴ አራት አድርጌዋለሁ» አለ።

በሚቀጥለው ቀን ደግሞ፣ «ዛሬ ድብብቆሽ ያለ ደንብ ተጫወቱ» አለቻቸው። መጀመሪያ በደስታ ጮኹ። ከዚያ ግን ፈላጊው ዓይኑን አልጨፍንም አለ። «ኩኩሉ!» ቢል «አልነጋም!» የሚለው ጠፋ። የተያዘው አልተያዝኩም አለ። ጉልማው ቤቱ ሄዶ ተደበቀና ምሳውን በላ። ጥላው ሳይዞር አራቱ ተጣልተው ሁለቱ አለቀሱ።

«እትዬ፣ ደንቡን መልሽልን!» አለች ትርንጎ እንባዋን እየጠረገች።

«የትኛውን?»

«ዓይን መጨፈኑን!»

«ለምን? የሚቆጣ ሹም አላየሁም።»

«ካልተጨፈነማ ጨዋታ የለማ!»

ደብሪቱ ፈገግ አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ የጥናታቸው ሥርዓት ተለወጠ። አንድ ደንብ ይነሣል፤ ልጆቹ «ይህ ባይኖር ምን ይፈርሳል?» እያሉ ይፈልጋሉ። ለምኑን ፍለጋ ብለው ሰየሙት። ለምኑ የተገኘለትን ደንብ ማስጠናት አላስፈለገም፤ ራሳቸው ታናናሾቻቸውን እየያዙ ይመክሩ ጀመር። የእሳቱን አገኙ። የተራውን አገኙ። ያልበሰለ ፍሬ ስለመልቀምም አገኙ፤ እሱን እንኳ ጉልማው በሆዱ ነው ያገኘው። እንዲህ እያሉ ወደ ጎርፉ ደንብ ደረሱ።

ሁለት ቀን ፈለጉ።

«ጎርፍ ያየ ባይመታ ምን ይፈርሳል?» አለች ደብሪቱ።

«ባሻ ሥራ ይፈታሉ» አለ ጉልማው።

ደብሪቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከነጠላው በስተጀርባ የሳቀች እንደሆነ እሷና አምላኳ ያውቃሉ። ነጠላዋን መለሰችና በዚያ አገር ደንብ አስጠኚ ብሎት የማያውቀውን ቃል አለች፦

«ልጆቼ፣ የዚህን ለምን እኔም አላውቀውም።»

የማጥበቂያው ቀን ደረሰ። ሰማዩ ከወንዙ ላይኛው በኩል ጠቁሮ ነበር፤ ግን ወደዚያ ያየ የለም። ሕዝቡ ከጉብታው ሥር ባለው መስክ ላይ፣ ወንዙን ጀርባ ሰጥቶ ተቀመጠ። ባሻ ቢተው ጉብታው ላይ፣ ከሰሌዳው ጎን ወንበራቸው ላይ ተሰየሙ። በወንዙ በኩል ያለውን ጉንጫቸውን እንደ ጋሪ ፈረስ በሻሽ ከልለዋል። ረዳታቸው የደንብ ዱላውን ይዞ ቆሟል። አባ ጓንጉልም መባቻ ባይሆንም ለክብረ በዓሉ ነጋሪቱን ቅቤ እየቀቡ ነበር።

ልጆቹ አንድ በአንድ እየወጡ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው አነበቡ። ሽምብራው አልወደቀም። ባሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። የትርንጎ ተራ ደረሰ፤ የደረሳትም ደንብ የጎርፉ ነው። ደብሪቱ ከሕዝቡ ፊት ቆማ «አቤቱ፣ የጥርሷን ነገር አደራ» አለች በሆዷ። ሁለቱ ጥርሶች ገና አልበቀሉም።

ባሻ ሽምብራዋን በትርንጎ ከንፈር ላይ አስቀመጡ። ልጅቷ ትንፋሿን ሳበች። ሽምብራዋም በጥርሷ ክፍተት ሾልካ ገብታ ተዋጠች። ትርንጎ ደነገጠች፤ ቢሆንም ማንበብ ጀምራለችና አልተወችም።

«ጎርፍ ሲመጣ ያየ ይመታል።»

ላላ። ነፋሱ በክፍተቱ ወጣና ቃሉ እንደ ተፈታ ነጠላ ለቀቅ ብሎ ወረደ። ተመቺው መቺ ሆነ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

«ማንን ነው የምትመታው?» አለ አንዱ ከወደ ኋላ።

«ባሻን ይሆናላ!» አለች አንዲት ሴት፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

ደብሪቱ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ከሰሌዳው ወደ ነጋሪቱ ሄደ። ከነጋሪቱ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። አባ ጓንጉልም እጃቸው ቆዳው ላይ ቀርቶ ነበር። ሁለቱ ተያዩ።

«ዝም!» አሉ ባሻ ቢተው ተነሥተው። «ደንብ ላላ! ሽምብራም ተበላ! አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ወደ ሕዝቡ ዙሪ። ሦስት ጊዜ አጥብቀሽ ትደግሚያለሽ። ካላጠበቅሽ ሻሹ እዚህ አለ።»

ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና ዞረች። በዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ ፊቷን ወደ ወንዙ ያዞረች እሷ ብቻ ናት። «ጎርፍ ሲመጣ...» ብላ ጀመረች። ከዚያ አቆመች። ከሩቅ ብዙ በሬ አንድ ላይ እንደሚያገሳ ያለ ነገር ሰማች። ዓይኗን ገለጠች። ከላይ፣ ወንዙ በሚጠመዘዝበት ላይ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ቀጥ ብሎ እንደቆመ እየተራመደ ይመጣል። ከኋላው ያለው ውኃ አፈር መስሏል።

«እትዬ» አለች። «እትዬ ደብሪቱ፣ ዛፉ እየሄደ ነው!»

ሕዝቡ ጆሮውን ያዘ። «ዝም በይ! አንቺ ነሽ ያየሽው፣ እኛ አላየንም! አላየንም በሉ ጎበዝ!» አለ አንዱ።

«አላየንም!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ደብሪቱ ብትዞር ትመታለች፤ ሥራዋም ይቀራል፤ ሥራዋ ደግሞ እንጀራዋ ነው። ይህን ሁሉ ታውቀዋለች። ግን ደጃፏ ላይ የቆመው ያ ልጅ ትዝ አላት፤ «ድምፁን ግን ሰምቼዋለሁ» ያለው። ነጠላዋን አጣፋች፣ አማተበችና ዞረች።

አየች።

ከዚያ በኋላ አልቆመችም። ወደ ጉብታው ሮጠች። ነጋሪቱ መምቻ የለውም። ዞር ብላ ከረዳቱ እጅ የደንብ ዱላውን መነተፈችው።

«የመንግሥት ዱላ! የመንግሥት ዱላ!» እያለ ረዳቱ ጮኸ።

«ምቺው እንጂ!» አሉ አባ ጓንጉል ቅቤ በቅቤ በሆነ እጃቸው ነጋሪቱን ወደ እሷ እያዞሩ። «አምሳ ዓመት የቀባሁት ለዛሬ ነው! አሁን ገባኝ፣ የጌታ ያለህ፣ አሁን ገባኝ!»

ደብሪቱ መታች። ቆዳው አልደረቀም ነበርና ድምፁ ከጉብታው እስከ ማዶው ተራራ ደረሰ። የከተማው ሰው ነጋሪት ሰምቶ ስለማያውቅ ትርጉሙን አላወቀም። ነገር ግን የደንብ አገር ሰው አንድ ልማድ አለው፤ ጩኸት ሲሰማ ማን እንዳጠፋ ለማየት ይወጣል። ቤት የቀረው ሁሉ፣ ሕፃን ያዘለውም፣ ሽማግሌ የደገፈውም፣ «ማን ነው ያጠፋው? ማን ነው?» እያለ ሽቅብ ወደ ጉብታው ጎረፈ። መስክ ላይ ያለውም የዱላውን ነገር በቅርብ ለማየት ተጋፍቶ ወጣ። ጉልማው ትንንሾቹን እየቆጠረ፣ «ሦስት እርምጃ አይበቃም፣ ወደ ላይ! ወደ ላይ!» እያለ ገፋቸው። የመጨረሻይቱ አሮጊት እግሯን ከመስኩ ስታነሣ ውኃው መስኩን ዋጠው።

ዱላው ለሁለት እስኪሰበር ደብሪቱ መምታቷን አላቆመችም።

ቀትር ላይ ውኃው ረጋ። ዶሮ ሄዷል፣ ጎተራ ሄዷል፣ በጭቃ የተደፈኑት መስኮቶች ከነግድግዳቸው ሄደዋል። ሲቆጠር ግን ሰው አንድም አልጎደለም። እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። በዚያ አገር እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ረዳቱ ቀስ ብሎ ወደ አለቃው ተጠጋ።

«ባሻ፣ በማን እንጀምር?»

«ምኑን?»

«መምታቱን። ጎርፉን አይተዋል እኮ።»

«ማን ነው ያየው?»

ረዳቱ ዙሪያውን ተመለከተ። «ሁሉም። እኔም አይቻለሁ። እርስዎም ጌታዬ... ሻሽዎ ወርዷል።»

ባሻ ቢተው ጉንጫቸውን ዳሰሱ። ሻሹ አንገታቸው ላይ ነበር።

«ዱላው የት አለ?»

«ተሰብሯል።»

ባሻ እንደ ልማዳቸው፣ «ደንብ እንደ ጭነት ነው...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

«እውነት ነው፣ እንደ ጭነት ነው» አሉ አባ ጓንጉል። «እኔ በጉብዝናዬ ብዙ ጭኛለሁ። የጭነቱ ገመድ መጥበቅ አለበት፤ ካልጠበቀ ገደል ነው። የልጓሙ ገመድ ግን መላላት አለበት፤ ካልላላ በቅሎዋ መንገዱን አታይም። ሁለቱም ገመድ ነው፣ ባሻ። የትኛው የየት እንደሆነ ያላወቀ ጫኝ በቅሎውን ያንቃል።»

ባሻ ቢተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። በሕይወታቸው የሌላውን ከንፈር ሲያዩ ኖረው የራሳቸውን ከንፈር ለንባብ ከፍተው አያውቁም ነበር። በጣታቸው ፊደሉን እየዳበሱ በለሆሳስ አንዴ አጠበቁት፣ አንዴ አላሉት። ነጋሪቱን አዩ፤ ለካስ ነጋሪቱ አጠገቡ ተሰቅሎ ሳለ «ነጋሪት ይመታል» ብሎ መጻፍ ለቀደሙት ሰዎች ቃል ማባከን ነበር። ዞሩና ትርንጎን ጠሩ።

«እስኪ ድገሚው፣ ልጄ።»

«አጥብቄ ነው?»

«እንደወጣልሽ።»

«ጎርፍ ሲመጣ ያየ ይመታል» አለች ትርንጎ፣ እንደ መጀመሪያው በጥርሷ ክፍተት።

ሕዝቡ ተከትሏት አለው። መጀመሪያ ጥቂቱ፣ ከዚያ ሁሉም። እያለው የሚያለቅስ ነበረ። ከሚያለቅሱት አንዱ አንዳርጌ ነው፤ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ደብሪቱ ሰዉን እየሰነጠቀች ሄዳ ፊቱ ተንበረከከች።

«እኔ ባየሁ ጊዜ...» አለ።

«አንተ የነገርኩህን ነው የጠበቅኸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለምኑን ሳላውቅ ያስጠናሁህ እኔ። ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ።»

ልጁ እጇን ያዘ፤ ዱላው አቁስሎት ይደማ ነበር።

ዓመቱ ዞረ። ቤቶቹ ሲሠሩ መስኮቶቻቸው ወደ ወንዙ ሆኑ። ነጋሪቱን ልጆች በየተራ ይጠብቁታል፤ ተራ የሳተ ልጅ የለም፤ ለምን እንደሚቀመጡ ያውቃሉና። የእንግዳውም ደንብ ላልቶ ተነበበና አንድ የጨው ነጋዴ ፈራ ተባ እያለ ገባ። ቀድሞ በላ። በሰላም ሄዶም ለሌሎች ነገረ። ስለ ንጉሡ ደንብ ግን፣ ይጥበቅ ወይስ ይላላ ተብሎ ወደ ቤተ መንግሥት የተላከው ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም። መንገዱ ሩቅ ነው ይባላል። አባ ጓንጉል፣ «ግድ የለም፤ ልጆቹ ሲያድጉ ያነቡታል» አሉ።

የማጥበቂያው ቀን መጣ፤ ስሙ አሁን የለምን ቀን ሆኗል። ደብሪቱ ከሥራዋ አልተነሣችም። ትርንጎ ጥርሶቿ በቅለዋል፤ እንደ መጥረቢያ ሰፋፊ ናቸው። የመጨረሻውን፣ አርባኛውን ደንብ እንድታነብ ተጠራች። ባሻ ቢተው ከልማድ የተነሣ ሽምብራቸውን በመዳፋቸው ይዘው ነበር።

ትርንጎ ሰሌዳውን አየችና ወደ ደብሪቱ ዞረች።

«እትዬ፣ ይኸኛው ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

ሕዝቡም ባሻም ደብሪቱን አዩ። ደብሪቱ ወንዙን አየች፣ ነጋሪቱን አየች፣ ዘንድሮ የመጡትን ትንንሾች አየች።

«ሁለቱንም ነው» አለች። «መጀመሪያ አላልተሽ፣ ቀጥሎ አጥብቀሽ።»

ትርንጎ ትንፋሿን ሳበች።

«ልጅ ይሰማል» አለች አላልታ። ትንንሾቹ ጆሯቸውን ቀጥ አደረጉ፤ ሊሰሙ።

«ልጅ ይሰማል» አለች አጥብቃ። ትልልቆቹም ጎንበስ አሉ፤ ሊሰሟት።

ባሻ ቢተው ሽምብራዋን ጥቂት አገላብጠው አዩዋት። ከዚያ ወደ አፋቸው ጣሏትና ቆረጠሟት።

ተረቱ ለእናንተ፣ ሽምብራው ለእኔ።